ወተት የማይስማማው ሰው ጎደሎ ነውን?

በ1974 የአሜሪካ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን በካሊፎርኒያ የወተት አምራቾች ላይ ክስ መሠረተ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። የተከሰሱት ወተቱ ስለተበከለ ወይም በውኃ ስለቀጠነ አልነበረም። የተከሰሱት በማስታወቂያቸው ነው። አምራቾቹ ወተት ለእያንዳንዱ ሰው አካል የግድ ያስፈልጋል እያሉ ያስነግሩ ነበር፤ ኮሚሽኑ ደግሞ አባባሉ ሐሰትና አሳሳች ነው አለ፤ ወተት ጠጥተው የሚታመሙ ብዙ ሰዎች አሉና። አምራቾቹ መፈክሩን ለዘብ አድርገው ወተት ለማንም ሰው የሚሆን ነገር አያጣም ወደሚል አነጋገር ቀየሩት።

ጉዳዩ ላይ ላዩን ሲታይ የንግድ ጠብ ይመስላል። ከሥሩ ግን ፈላስፎችም፣ ሐኪሞችም፣ የሃይማኖት ሰዎችም ሲያነሱት የኖሩት ጥያቄ አለ። ሙሉ የሚባለው አካል የቱ ነው? አንድ ጎልማሳ አንድ ብርጭቆ ወተት ጠጥቶ ሆዱ ቢነፋ፣ ጉድለቱ የማን ነው? የሰውየው ነው? የወተቱ ነው? ወይስ ሰው ሁሉ አንድ ዓይነት ሆድ አለው ብሎ የደነገገው ሰው ነው? ሕክምና ለረጅም ጊዜ አንዱን መልስ ሰጠ፤ ከዚያም መለስ ብሎ ራሱን አረመ። የታረመበት መንገድ ስለ ጤናና ስለ ሕመም ያለንን አስተሳሰብ ከብዙ የፍልስፍና መጻሕፍት ይልቅ አጥርቶ ያሳያል።

በመጀመሪያ ሆድ ውስጥ የሚሆነውን ማየት ያስፈልጋል። የወተት ስኳር ላክቶስ ይባላል። ከ100 ግራም የላም ወተት 5 ግራም ገደማው፣ ከእናት ጡት ወተት ደግሞ 7 ግራም ገደማው ይኸው ስኳር ነው። ላክቶስ የተሠራው ግሉኮስና ጋላክቶስ ከተባሉ ሁለት ስኳሮች ጥምረት ስለሆነ፣ ሳይለያይ የአንጀትን ግድግዳ አልፎ ወደ ደም መግባት አይችልም። የሚለያየው ላክቴዝ የተባለው ኢንዛይም ነው፤ በትንሹ አንጀት ውስጠኛ ገጽ ላይ ሆኖ ጥንዱን እንደ መቀስ ይቆርጠዋል። ሕፃን ሲወለድ ይህ ኢንዛይም ሞልቶ ተርፎት ነው። ጡት ከጣለ በኋላ ባሉት ዓመታት ግን በአብዛኛው ሰው አካል ውስጥ ምርቱ እየቀነሰ ይሄዳል። ሌሎች አጥቢ እንስሳትም እንዲሁ ናቸው፤ ጥጃም ቡችላም በጨቅላነቱ ወተት ይፈጫል፣ ካደገ በኋላ ይህ ችሎታው ይደክማል።

ኢንዛይሙ ባነሰበት ሰው ዘንድ ላክቶሱ ሳይፈጭ ወደ ትልቁ አንጀት ይወርዳል። እዚያ ውኃ ወደ ራሱ ይስባል፤ ባክቴሪያዎችም ያብላሉታል። ከመብላላቱ ሃይድሮጅን፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ፣ በአንዳንዱም ሰው ሚቴን ይወጣል። ሆድ ይነፋል፣ ይጮሃል፣ ይቆርጣል፤ ሲብስም ተቅማጥ ይከተላል። ሃይድሮጅኑ በደም በኩል ወደ ሳንባ ስለሚደርስ ሐኪሞች ላክቶስ አጠጥተው የሰውየውን ትንፋሽ በመለካት ብቻ አንጀቱ የሠራውንና ያልሠራውን ያውቃሉ።

የሕክምናው ስህተት የተጋለጠው በባልቲሞር ከተማ ነው። እስከ 1960ዎቹ አጋማሽ ድረስ የአውሮፓና የአሜሪካ ሐኪሞች ላክቴዝ የሌለውን ጎልማሳ አንጀቱ እንደተጎዳ በሽተኛ ይቆጥሩት ነበር። በ1965 በጆንስ ሆፕኪንስ የነበሩት ፔድሮ ኳትሬካሳስና ባልደረቦቹ፣ በ1966 ደግሞ በዚያው ተቋም ቴዎዶር ቤይለስና ኖርተን ሮዘንስዋይግ፣ ጤነኛ ጎልማሶችን መርምረው ያልጠበቁትን አገኙ። ከጥቁር አሜሪካውያኑ ከ10 ወደ 7 የሚጠጉት ላክቴዛቸው ዝቅተኛ ነበር። ከነጮቹ ግን ጥቂቶቹ ብቻ ነበሩ። እነዚህ ሰዎች አንጀታቸው አልቆሰለም፣ አልከሱም፣ ሥራቸውን ይሠራሉ፣ ልጆቻቸውን ያሳድጋሉ። ብዙ ሳይቆይ ተመሳሳይ ውጤት ከእስያ፣ ከአፍሪካ፣ ከላቲን አሜሪካ ይጎርፍ ጀመር። ዛሬ የሚታወቀው ግምት ከዓለም ጎልማሶች ከመቶ 65 እስከ 70 የሚሆኑት ላክቶስን በሙሉ መፍጨት እንደማይችሉ ነው። በምሥራቅ እስያ ቁጥሩ ከመቶ 90 ይበልጣል። በአየርላንድና በዴንማርክ ከመቶ 10 በታች ነው።

ስለዚህ እንደ ልዩ ሁኔታ መታየት የነበረበት፣ አድጎም ወተት የሚፈጨው አካል ነው። የሕክምና መጻሕፍት ግን በአጋጣሚ የተጻፉት እንዲህ ያለው አካል በበዛበት የዓለም ጥግ ነበር፤ ጸሐፊዎቹም የራሳቸውን ሆድ የሰው ልጅ ሁሉ መለኪያ አደረጉት። ይህን ያደረጉት በክፋት አይደለም። ይሁን እንጂ ጉዳቱ ቀላል አልነበረም፤ የዓለም ሁለት ሦስተኛ በላብራቶሪ ወረቀት ላይ ጎደሎ ተብሎ ተመዘገበ።

እዚህ ላይ ሁለት ፈላስፎች ይገናኛሉ። አንደኛው አሜሪካዊው ክሪስቶፈር ቡርስ ነው። በ1977 ባሳተመው ዝነኛ ጽሑፉ በሽታን ያለ ስሜትና ያለ ባህል፣ በቁጥር ብቻ ለመበየን ሞከረ። በእርሱ አስተሳሰብ ጤና ማለት የአካል ክፍሎች ለዝርያው፣ ለጾታውና ለዕድሜው የተለመደውን ሥራ መሥራታቸው ነው፤ ከተለመደው በታች መውደቅ በሽታ ነው። ሁለተኛው ፈረንሳዊው ዦርዥ ካንጊሌም ነው። እርሱ ፍልስፍና ካስተማረ በኋላ ሕክምና የተማረ፣ በጀርመን ወረራ ጊዜም በተቃውሞው ትግል የተሳተፈ ሰው ነበር። በ1943 ባቀረበው የሕክምና መመረቂያ ጽሑፉ የተለየ ነገር ተናገረ፦ ብዙኃኑ የሆኑት ሁሉ ጤና አይደለም፣ ጥቂቶች የሆኑትም ሁሉ ሕመም አይደለም፤ አካል ጤነኛ ወይም ሕመምተኛ የሚባለው ከሚኖርበት ዓለም ጋር ባለው ግንኙነት ነው።

ወተት ሁለቱንም ይፈትናቸዋል። በቡርስ ሚዛን ላክቴዝ ያነሰው ጎልማሳ ለሰው ዘር የተለመደው ዓይነት ስለሆነ በሽተኛ አይደለም፤ ይህ ትክክለኛ ፍርድ ነው። ነገር ግን ቆጠራው በማን መካከል ይካሄድ? በዴንማርክ ሰዎች መካከል ብቻ ከሆነ፣ ያው ሰው ከብዙኃኑ ያነሰ ስለሚሆን በሽተኛ ይባላል። አንድ ቬትናማዊ ተማሪ ከሃኖይ ተነሥቶ ኮፐንሃገን ሲገባ አንጀቱ ውስጥ ቅንጣት ታህል ሳይለወጥ፣ ፓስፖርቱ ላይ ማኅተም ስለተመታ ብቻ ታመመ ማለት ነው። ይህን የሚቀበል ጤናማ አእምሮ የለም። የአካልን ጉድለት በጎረቤት ብዛት የሚወስን ሚዛን ችግር አለበት።

ካንጊሌም ይህን ወጥመድ ያልፈዋል። በእርሱ ዓይን ተማሪው ሃኖይ ሳለ ምንም አልጎደለውም፤ ኮፐንሃገንም ሲገባ ምንም አልጎደለውም፤ የተለወጠው ማዕዱ ነው። ቁርጠቱ የውሸት አይደለም፣ ሕመሙም ሕመም ነው። ቢሆንም ያ ሕመም የሚወለደው ሆዱና ብርጭቆው ሲገናኙ እንጂ ለብቻው በሆዱ ውስጥ አይኖርም። ይህ አስተያየት ከቡርስ ይልቅ ወደ እውነት የቀረበ ነው፤ ምክንያቱም የተሠቃየውን ሰው ሥቃይ ሳይክድ ሰውየውን ከጉድለት ክስ ነፃ ያወጣዋል።

እውነተኛው በሽታ ምን እንደሚመስል ለማየት ወደ ፊንላንድ መሄድ ይበቃል። እዚያ ከ60,000 ያህል ሕፃናት አንዱ ያለ ላክቴዝ ይወለዳል። ይህ ሕፃን የእናቱን ጡት በጠባ ቁጥር ከባድ ተቅማጥ ይይዘዋል፤ ላክቶስ የሌለው ምግብ ካላገኘም ይሞታል። እዚህ ላይ ማንም ሐኪም ወይም ፈላስፋ አያመነታም። ጨቅላው በዚያ ዕድሜው ሌላ ማዕድ የለውም፤ ብቸኛ እንጀራው የእናቱ ጡት ነው፤ አካሉ ያንን አልቀበልም ካለ ከዓለሙ ጋር ያለው ግንኙነት ሁሉ ተቆርጧል። የጎልማሳው ጉዳይ ከዚህ ጋር በአንድ መዝገብ ሊሰፍር አይገባም ነበር።

የወተት ፈጪዎቹ ችሎታ ከየት መጣ የሚለውን ቁልፍ ያገኙትም ፊንላንዳውያን ናቸው። በ2002 የእነ ሊና ፔልቶኔን ቡድን ከላክቴዝ ዘረ-መል 13,910 ፊደል ርቆ የሚገኝ አንድ የዲኤንኤ ፊደል ሲለወጥ ኢንዛይሙ በአዋቂነትም ሳይቋረጥ እንደሚመረት አሳየ። ለውጡ በአውሮፓውያን ዘንድ የተስፋፋ ነው። በ2007 ደግሞ ሣራ ቲሽኮፍና ባልደረቦቿ በታንዛኒያ፣ በኬንያና በሱዳን አርብቶ አደሮች ዘንድ ሌሎች ለውጦችን አገኙ፤ ቦታቸው ከአውሮፓው ብዙም አይርቅም፣ ግን የተነሡት ለየብቻቸው ነው። በዓረቢያ ምድር ከግመል ጋር የተያያዘ ሌላ አለ። ከብት ያረባ ሕዝብ ሁሉ ችሎታውን ከአንድ አባት አልወረሰም፤ በየበረሃውና በየሜዳው ለየራሱ አገኘው።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ኢትዮጵያ ትልቅ ቦታ አላት። በ2009 የታተመ ጥናት በምሥራቅ ኢትዮጵያ ግመል ከሚያረቡ ሶማሌዎች መካከል፣ በአንድ ሕዝብ ውስጥ ብቻ፣ በርካታ የተለያዩ ለውጦች ጎን ለጎን እንዳሉ አሳየ። በ2013 የተደረገ ሰፋ ያለ ጥናትም ይህ ብዝኃነት በመላ አገሪቱ እንደሚታይ አረጋገጠ። አውሮፓ በአንድ ቁልፍ የከፈተውን በር ኢትዮጵያ በብዙ ቁልፎች ከፍታዋለች። ከዚህም የሚገርመው፣ ከሶማሌዎቹ መካከል በየቀኑ ከግማሽ ሊትር በላይ ወተት እየጠጡ ላክቴዛቸው ግን ዝቅተኛ የሆነ ብዙ ሰዎች መገኘታቸው ነው። አይፈጩትም፣ ግን ይጠጡታል፤ ሆዳቸውም አያስቸግራቸውም። በትልቁ አንጀት ያሉ ባክቴሪያዎች በየቀኑ የሚመጣላቸውን ስኳር ብዙ ጋዝ ሳያወጡ ማስተናገድን ሳይለምዱ አይቀሩም።

ይህ ሐቅ ብዙ ሰው የሚስተውን ልዩነት ያወጣል። ላክቶስን አለመፍጨት አንድ ነገር ነው፤ በወተት መታመም ሌላ ነው። በ1972 በእስራኤል የታተመ ጥናት ጎልማሶች ለወራት ወተት ቢጠጡም ላክቴዛቸው እንደማይመለስ አሳይቷል፤ ኢንዛይሙ በልምምድ አይመጣም። በ1996 በአሜሪካ የተደረገ ሙከራ ግን ሰዎች ለ10 ቀናት መጠኑን እየጨመሩ ላክቶስ ሲወስዱ ጋዙ መቀነሱን አሳየ። ዘረ-መሉ አልተለወጠም፤ የባክቴሪያዎቹ ማኅበር ግን ተለወጠ። ሰው ከራሱ ሕዋስ ብቻ የተሠራ አይደለም፤ አብረውት የሚኖሩት ደቂቅ ፍጥረታትም የአካሉ አቅም ናቸው። ስለ ሰው ተፈጥሮ የሚከራከር ሁሉ ይህን ሊዘነጋ አይገባውም።

ሳይፈጩም ወተት መጠጣት ከተቻለ ግን የመፍጨት ችሎታው ለምን ተስፋፋ? የድሮው መልስ ቀላል ነበር፤ ወተት የሚፈጭ የበለጠ ጠገበ፣ የበለጠ ወለደ የሚል። በ2022 በሪቻርድ ኤቨርሼድ የተመራ ቡድን ከ550 በላይ ከሆኑ የአውሮፓ የቁፋሮ ቦታዎች የተገኙ ከ13,000 በላይ የሸክላ ስብርባሪዎችን መርምሮ ሌላ ታሪክ አወጣ። አውሮፓውያን ወተት መጠቀም የጀመሩት ከ9,000 ዓመታት በፊት ነው፤ የመፍጨት ችሎታው የተስፋፋው ግን ከብዙ ሺህ ዓመታት በኋላ ነው። በመካከሉ ያለው ዘመን ሁሉ ወተት የማይፈጩ ሰዎች ወተት ሲጠቀሙ የኖሩበት ነበር። ተመራማሪዎቹ የሚገምቱት ችሎታው የሞትና የሕይወት ጉዳይ የሆነው በረሃብና በወረርሽኝ ጊዜ መሆኑን ነው። የጠገበ ሰው ተቅማጥ ቢይዘው ይታገሠዋል፤ የተራበ ሰው ግን ያንኑ ተቅማጥ አይቋቋምም። ዘረ-መሉን ያስፋፋው የወተት በረከት ሳይሆን የረሃብ ዘመን ሞት ነው ማለት ነው። የሰሜን አውሮፓ ሰው ዛሬ ያለ ሐሳብ የሚጨልጠው ብርጭቆ ከጀርባው የብዙ ሕፃናትና ደካሞች መቃብር አለበት። ይህን እያወቁ ችሎታውን የብልጫ ምልክት ማድረግ ከባድ ነው።

ሌላው መንገድ በሞት ሳይሆን በእጅ የተገኘው ነው። ከሞንጎሊያውያን ከመቶ 95 ያህሉ ላክቴዝ በአዋቂነት የላቸውም፤ ነገር ግን ከወተት ተዋጽኦ ተለይተው አይውሉም። የፈረስ ወተት ከላም ወተት የበለጠ ላክቶስ አለው፤ እነርሱ አብላልተው አይራግ ያደርጉታል። የኢትዮጵያ ጓዳም ይህን ጥበብ በደንብ ያውቃል። ወተት በወይራ በታጠነ ዕቃ ይቀመጣል፤ ይረጋል፤ ባክቴሪያው ከስኳሩ ከፊሉን ወደ አሲድ ይለውጠዋል። እርጎ ሲጠጡም በውስጡ ያሉት ሕያዋን ባክቴሪያዎች የራሳቸውን ኢንዛይም ይዘው ወደ አንጀት ይገባሉ፤ የቀረውን ላክቶስ በመፍጨትም ያግዛሉ። እርጎው ሲናጥ ቅቤው ይወጣል፤ ቅቤ ላክቶስ የለውም ለማለት ይቻላል። አሬራው ሲሞቅ አይቡ ይለያል፤ ከስኳሩ አብዛኛው ከአጓቱ ጋር ይሄዳል። ቦረናዎች ኢቲቱ የሚሉት ወተት ደግሞ ረግቶ፣ አጓቱ እየተጣለ፣ ለረጅም ጊዜ ይቆያል። ስለ ላክቶስ ማንም ሳይነግራቸው እናቶች ላክቶስን ይቀንሱ ነበር። ላክቴዝ የአካል ሥራ ነው ከተባለ፣ ያንኑ ሥራ ቅሉና የመናጫው ዕቃ ከአካል ውጭ ሠርተውታል።

አካልና ምግብ ስለማይስማሙበት ምክንያት የሚነሣው ጥያቄ ጥንታዊ ነው ቢባል ማጋነን አይደለም። ከክርስቶስ ልደት በፊት በአምስተኛው መቶ ዓመት ገደማ በሂፖክራተስ ስም የሚጠራ አንድ የሕክምና ጽሑፍ ስለ አይብ ተናግሯል። ጸሐፊው አይብ መጥፎ ምግብ ነው ብሎ መደምደም አላዋቂነት ነው ይላል። አንዳንዱ እስኪጠግብ በልቶ ይበረታበታል፤ ሌላው ይሠቃይበታል፤ ጎጂ ቢሆንማ ሁሉንም በጎዳ ነበር። ሐኪም ሊጠይቅ የሚገባው ይህ ምግብ ከየትኛው አካል ጋር፣ ለምን እንደማይስማማ ነው። የ20ኛው መቶ ዓመት ሕክምና በሺህ ዓመታት የሚቀድመውን ይህን ጥንቃቄ ቢጠብቅ ኖሮ ባልቲሞር ላይ ባልደነገጠ ነበር።

የሃይማኖት ሰው ጥያቄውን በሌላ በኩል ያነሣዋል። ወተት በቅዱሳት መጻሕፍት የበረከት ምልክት ነው። የተስፋይቱ ምድር ወተትና ማር የምታፈስስ ተብላለች፤ አብርሃም በመምሬ ለመጡት እንግዶች እርጎና ወተት አቅርቧል። በቁርኣን የንብ ምዕራፍ ከእንስሳት ሆድ የሚወጣው ንጹሕ ወተት ለሰው ማስተማሪያ ሆኖ ተጠቅሷል። በኢስራእና ሚዕራጅ፣ ማለትም በሌሊት ጉዞውና በዕርገቱ፣ ትረካም ነቢዩ ሙሐመድ ከወይን ጠጅና ከወተት ወተቱን መምረጣቸው ፊጥራን፣ ማለትም ሰው የተፈጠረበትን ንጹሕ ባሕርይ፣ እንደ መምረጥ ተቆጥሮላቸዋል። ታዲያ ይህ ስጦታ ለሰው ልጅ ሁሉ ከሆነ፣ ፈጣሪ ለምን ለአብዛኛው ጎልማሳ የሚፈጭበትን ኢንዛይም ነሣው? ወተት የማይስማማው አማኝ ከተፈጥሮው ጋር ተጣልቷል ማለት ነው?

መጻሕፍቱን በጥንቃቄ ያነበበ መልሱን በራሳቸው ያገኘዋል። አብርሃም ይስሐቅ ጡት ሲጥል ታላቅ ድግስ ደግሷል። ከወተት መለየት የኀዘን ቀን አልነበረም፤ ልጁ አድጓልና የደስታ ቀን ነበር። ሐዋርያው ጳውሎስም ወተትን ለእምነት ሕፃናት፣ ጽኑ ምግብን ለጎለመሱት ሰጥቶ አስተምሯል። በዚህ ምሳሌ ወተትን መተው የብስለት ምልክት ነው። የፊጥራውም ትረካ ቢሆን የሚናገረው ስለ ንጽሕና ነው፤ ወተት የሰው ልጅ የመጀመሪያ ምግብ በመሆኑ የመጀመሪያውን ያልቆሸሸ ባሕርይ ይወክላል። ስለ እያንዳንዱ ጎልማሳ አንጀት የተነገረ ድንጋጌ አይደለም። ስጦታ የሚሆነው ሁልጊዜ፣ ለሁሉም፣ በአንድ መልክ ሲሰጥ ነው የሚለው ሐሳብ ከማስታወቂያ ሰሌዳ የመጣ እንጂ ከመጻሕፍቱ የተወሰደ አይደለም።

የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ለዚህ ሕያው ምስክር ነው። በዐቢይ ጾም 55 ቀን፣ በረቡዕና በዓርብ፣ በሌሎቹም አጽዋማት ምእመኑ ከሥጋ ብቻ ሳይሆን ከወተት፣ ከቅቤና ከአይብም ይርቃል። ሲደመር ከዓመቱ ግማሽ ያህሉ ነው። በዚህ ሁሉ ጊዜ ጎልማሳው ያርሳል፣ ያጭዳል፣ ይማራል፣ ይሰግዳል። ጾሙ የተደነገገው ለነፍስ እንጂ ለአንጀት አይደለም፤ ቤተ ክርስቲያኒቱም ስለ ኢንዛይም አላሰበችም። ግን ሽሮ፣ ምስር፣ ተልባና ሱፍ ያለ ወተት ሕዝብን ለዘመናት እንዳቆሙ ሥርዓቱ ያሳያል። ልጅ መጾም የሚጀምረው ሰባት ዓመት ሲሆነው ነው መባሉም ልብ ይሏል፤ ወተቱ ይበልጥ የሚያስፈልገው ጨቅላ ከሥርዓቱ ውጭ ነው። በሌላ በኩል ከ55 ቀን በኋላ በፋሲካ ማለዳ ወተትና ማኪያቶ በአንድ ጊዜ የሚጨልጥ ሰው ሆዱ ቢያስቸግረው ሊደንቀው አይገባም። ባክቴሪያዎቹ ለሁለት ወር ያህል ላክቶስ አላዩምና ከሥጋው ጋር በእርጎ መጀመር ይሻለዋል።

ጉዳዩ በሐሳብ ደረጃ ቢያልቅ መልካም ነበር፤ ግን ብዙ ሰው የሚበላበትን ማዕድ የሚወስኑ ሰዎች አሉ። አሜሪካ በ1954 ባወጣችው ሕግ ትርፍ እህሏንና የወተት ዱቄቷን በእርዳታ ወደ ድሃ አገሮች ትልክ ነበር። ዱቄቱ ትንንሽ ልጆችን ጠቅሟል፤ በዚያ ዕድሜ ላክቴዙ ገና አለና። ለጎልማሶች ግን የሆድ ሕመም ምክንያት የሆነበት ቦታ አልታጣም። የዘመኑ አንትሮፖሎጂስቶች በላቲን አሜሪካ አንዳንድ ነዋሪዎች ዱቄቱን በጥብጠው የቤታቸውን ግድግዳ እንደቀቡበት ጽፈዋል። ሰጪዎቹ ተቀባዮቹን ኋላ ቀር አሏቸው፤ ሆዳቸው የነገራቸውን መስማታቸው ግን ትክክል ነበር። በዚያው በአሜሪካ ከ1946 ጀምሮ የትምህርት ቤት ምሳ መርሐ ግብር ወተትን የማዕዱ አካል አድርጎታል፤ የብዙዎቹ ጥቁርና እስያዊ ተማሪዎች አካል ግን በዕድሜያቸው ይህን ብርጭቆ መቀበል ማቆም ጀምሮ ነበር።

ጉድለቱ የአካል ነው ከተባለ ለተማሪው መድኃኒት ይታዘዝለታል፤ ጉድለቱ የማዕዱ ነው ከተባለ ማዕዱ ይለወጣል። ፊንላንድ ሁለተኛውን መረጠች። ከሕዝቧ ከመቶ 17 ያህሉ ላክቶስ አይፈጩም፤ የአገሪቱ የወተት ኩባንያ ቫሊዮ በ2001 ጣዕሙ እንደ ተራ ወተት የሆነ ላክቶስ አልባ ወተት ለገበያ አቀረበ፤ ዛሬ በየሱቁ ይገኛል። ጥቂቶቹ እንደ በሽተኛ ሳይቆጠሩ ጽዋቸውን አገኙ። ኢትዮጵያም በትምህርት ቤት ምገባ፣ በሆስፒታልና በስደተኞች ጣቢያ ለጎልማሶችና ከፍ ላሉ ልጆች የወተት ተዋጽኦ ስታቀርብ ያልረጋውን ወተት ብቸኛ ምርጫ ባታደርገው ደግ ነው። እርጎና አይብ ከውጭ አይመጡም፤ ባለሙያዎቹም እዚሁ ናቸው።

ይህ ሁሉ ሲባል የተቃራኒው ስህተትም እንዳይሠራ ያስፈልጋል። ሆዱ የተነፋ ሁሉ ወተት ጠላቱ ነው ማለት አይደለም። በ2010 የአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋማት ያሰባሰቧቸው ባለሙያዎች፣ ላክቶስ የማይፈጩ አብዛኞቹ ሰዎች 12 ግራም ላክቶስ፣ ማለትም አንድ ኩባያ ወተት ገደማ፣ በአንድ ጊዜ ቢወስዱ ምንም ወይም ጥቂት ብቻ እንደሚሰማቸው ደምድመዋል። ከምግብ ጋር ሲሆን ደግሞ ይበልጥ ይቀላል። ወተትን ጭራሽ የተወ ሰው ካልሲየሙን ከሌላ ቦታ ካላገኘ አጥንቱ ዋጋ ይከፍላል። የወተት አለርጂም ሌላ ጉዳይ ነው፤ እርሱ በወተት ፕሮቲን ላይ የሚነሣ የሰውነት መከላከያ ቁጣ ስለሆነ በጥቂት ጠብታ እንኳ አደገኛ ሊሆን ይችላል፣ እርጎም አያድነውም። ጃርዲያ ወይም ከባድ ተቅማጥ አንጀቱን የጎዳበት ሰው ደግሞ ላክቴዙ ለጊዜው ይጠፋል፤ ሲታከም ይመለሳል። ሕፃን ተቅማጥ ሲይዘው ጡት ማስጣል አይገባም፤ የእናት ጡት በሕመሙም ጊዜ ይቀጥላል።

ወተት የማይስማማው አንባቢ እንግዲህ ራሱን እንደ ጎደሎ አይይ። ለጥቂት ሳምንታት ያልረጋውን ወተት ትቶ በእርጎና በአይብ ይሞክር፤ ከዚያም ጥቂት ወተት ከምግብ ጋር ይቅመስና ሆዱን ያዳምጥ። ክብደቱ ከቀነሰ፣ በሰገራው ደም ካየ፣ ተቅማጡ ሌሊት ከእንቅልፉ ከቀሰቀሰው፣ ወይም ወተት ትቶም ሕመሙ ካልተወው ግን ላክቶስን እየወቀሰ አይቀመጥ፤ ሐኪም ዘንድ ይሂድ።